በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የአእምሮ መድኃኒትን የመቀነስ ታሪክ

መግቢያ

አንድ መድኃኒት እንዴት እንደ ተገኘ የጻፉ የታሪክ ጸሓፊዎች ብዙዎች ናቸው። አንድ መድኃኒት ከማያስፈልገው ሰው ላይ እንዴት እንደ ተነሣ የጻፉት ግን ያን ያህል አይበዙም። በዚህ አጭር ጽሑፍ እኛ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነገር ሲሆን፥ የመረጥነውም ምሳሌ በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ለሚኖሩ አረጋውያን የሚሰጠውን የአእምሮ መድኃኒት ለመቀነስ የተደረገው ረዥም ጥረት ነው። አሜሪካን የመረጥንበት ምክንያት፥ በዚያ አገር ነገሩ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ተመረመረ፥ በሕግም ስለ ተደነገገ፥ በየጊዜውም በቁጥር ስለ ተመዘነ፥ ከመነሻው እስከ ዛሬ ደረጃ በደረጃ ለመከተል ስለሚቻል ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት የምንሠራባቸውን ቃላት ብንወስን መልካም ነው። «የአእምሮ መድኃኒት» ስንል በአሳብ፥ በስሜትና በጠባይ ላይ የሚሠራውን መድኃኒት ሁሉ ማለታችን ነው። ከነዚህም መካከል ዋናው ነገራችን «አንቲሳይኮቲክ» የሚባሉት፥ ማለት ስኪዞፍሬንያን ለመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተሠሩት ናቸው። «የመርሳት ሕመም» ስንል ደግሞ በእርጅና ጊዜ የማስታወስና የማመዛዘን ኃይልን ቀስ በቀስ የሚወስደውን ደዌ ማለታችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

የጽሑፋችን አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንቲሳይኮቲክ መድኃኒት በመጦሪያ ቤቶች የተስፋፋው በአብዛኛው በአስታማሚ ሰው ፈንታ ስለ ቆመ ነው፤ ስለዚህም መቀነሱ የጸናው ሰው ወደ ስፍራው በተመለሰበት ቤት ነው። ሕግ እንክብልን መቁጠር ይችላል፤ ነገር ግን እንክብሉ የሸፈነውን ጉድለት ካልሞላ፥ እንክብሉ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል።

መድኃኒቱ ወደ መጦሪያ ቤት የገባበት መንገድ

ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የመጀመሪያ አንቲሳይኮቲክ በታኅሣሥ 1950 በፈረንሳይ አገር ሮን ፑላንክ በተባለው ኩባንያ የሠራው ኬሚስት ፖል ሻርፓንቲዬ ነበረ። በ1952 ዶክተር ዣን ደሌና ዶክተር ፒየር ደኒኬር በፓሪስ ከተማ በሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕመምተኞች ሰጥተው ውጤቱን አስታወቁ። መድኃኒቱ በ1954 ቶራዚን በሚል ስም አሜሪካ ገባ። የአእምሮ ሆስፒታሎች በዚያን ጊዜ እጅግ የተጨናነቁ ነበሩ፤ በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ተኝተው የነበሩት ሰዎች ከ550,000 በላይ ነበሩ። ከነዚህም ብዙዎቹ እብዶች ሳይሆኑ ያረጁና የረሱ፥ ወስዶ የሚጦራቸው ያጡ ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የሕክምና ዕርዳታ ሕጎች ፈረሙ። በሜዲኬይድ ደንብ መሠረት ለድኆች አረጋውያን የመጦሪያ ቤት ወጪ ማዕከላዊው መንግሥት ድርሻውን ይከፍል ስለ ነበረ፥ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ በሚያስተዳድሩት የአእምሮ ሆስፒታል ያሉትን አረጋውያን ወደ መጦሪያ ቤት ማዛወር ከወጪ የሚያድናቸው ሆነ። አረጋውያኑ ሲዛወሩ መድኃኒቱም አብሮ ተዛወረ።

መጦሪያ ቤት ግን ሆስፒታል አይደለም። ሐኪም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ብዙ ሰዎችን የሚጠብቁት ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ጥቂት ረዳቶች ናቸው። አንዲት አሮጊት «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያሉ በመተላለፊያው ሲመላለሱ፥ አንድ ሽማግሌ ልብሴን አላወልቅም ብለው አጣቢያቸውን ሲመቱ፥ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያባብል ሰው ከሌለ፥ ለሐኪሙ በስልክ ተነግሮ መድኃኒት ይታዘዛል። መድኃኒቱም በርግጥ ዝም ያሰኛል። ነገር ግን ለመርሳት ሕመም የተሠራ አይደለም፤ ሕመሙንም አያድንም። በአረጋዊ ሰው አካል ላይ ግን እንቅልፍን ያበዛል፤ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ጡንቻን ያደርቃል፤ በእግር ሲሄዱም ይጥላል። በእንቅልፍ ብዛት ምግብ የማይበላ፥ ከወንበር የማይነሣ ሰው ደግሞ ከታመመው ሰው ይልቅ «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገን ነበር። ነገሩን የተቃወሙት ሰዎች ይህን «የኬሚካል ማሰሪያ» ብለው የጠሩት ስለዚህ ነው፤ ሰውን በገመድ ከአልጋ ጋር ማሰር ለዐይን ያስቀፋል፥ ይህ ማሰሪያ ግን አይታይም።

ክሱና ቆጠራው

የማይታየውን ነገር በመጀመሪያ ለሕዝብ ካሳዩት ሰዎች አንዱ የዩታ ክፍለ ግዛት ሴናተር ፍራንክ ሞስ ናቸው። ሴናተሩ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የአረጋውያን ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ መጦሪያ ቤቶችን የሚመረምረውን ንዑስ ኮሚቴ ይመሩ ነበር። ይህ ንዑስ ኮሚቴ በ1974 መጦሪያ ቤቶችን በሚመለከት ረዥም መግለጫ ማውጣት ጀመረ፤ በጥር 1975 የወጣው ክፍሉም ስለ መድኃኒት ብቻ የተጻፈ ነበር። በዚህ ክፍል ሁለት ክሶች ተያይዘው ቀርበዋል። አንደኛው ማደንዘዣና ማረጋጊያ መድኃኒት ያለ አግባብ መሰጠቱ ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት ቀማሚዎች ገበያውን ለማግኘት ለመጦሪያ ቤት ባለቤቶች መማለጃ መክፈላቸው ነው።

ክስ ግን ቆጠራ ካልተከተለው በቀላሉ ይረሳል። ቆጠራው በ1980 መጣ። ዌይን ሬይና ባልደረቦቻቸው በቴነሲ ክፍለ ግዛት በ173 መጦሪያ ቤቶች በሜዲኬይድ የሚጦሩ 5,902 ሰዎችን መዝገብ መርምረው፥ ከነዚህ 43 ከመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ አንቲሳይኮቲክ መውሰዳቸውን አሳተሙ። ከዚህም ይልቅ ለታሪካችን የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ሐኪም በመጦሪያ ቤቶች የሚያያቸው ሕመምተኞች በበዙ ቁጥር፥ ለያንዳንዱ ሰው የሚያዘው የመድኃኒት መጠን ይበዛ ነበር። ይህ የሚያመለክተው የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነው በሕመሙ ክብደት ብቻ ሳይሆን፥ ሐኪሙ ለአንድ ሰው ሊሰጥ በሚችለው ጊዜ ማነስ ጭምር መሆኑን ነው ብለን እናምናለን።

የ1987 ሕግ

በ1975 በወይዘሮ ኤልማ ሆልደር መሪነት የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎችን መብት የሚያስጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። በ1986 ደግሞ የሕክምና ኢንስቲቲውት የተባለው የሊቃውንት ጉባኤ በመጦሪያ ቤቶች የሚሰጠው አገልግሎት ዝቅተኛ መሆኑን በሰፊው አስረድቶ፥ ሕጉ ከሥሩ እንዲሻሻል አሳሰበ። በዚህ መነሻ ኮንግሬስ የመጦሪያ ቤት ማሻሻያ ሕግን በበጀት ሕግ ውስጥ አስገብቶ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንም በታኅሣሥ 22 ቀን 1987 ፈረሙት። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ከጥቅምት 1990 ጀምሮ ነው።

የሕጉ ዋና ነጥቦች ሦስት ናቸው። 1ኛ፥ ማንም ነዋሪ ለቅጣት ወይም ለሠራተኞች ምቾት ሲባል በገመድም ሆነ በመድኃኒት እንዳይታሰር ተከለከለ። 2ኛ፥ አንቲሳይኮቲክ የሚሰጠው በመዝገብ የተጻፈ የታወቀ ሕመም ሲኖር ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። 3ኛ፥ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው፥ ሐኪም ጉዳት አለው ካላለ በቀር፥ መጠኑ ቀስ በቀስ እንዲቀነስለትና በመድኃኒት ፈንታ በአያያዝ እንዲረዳ ተወሰነ። ሐኪም መድኃኒት መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ማቆምን ራሱን የሕግ ግዴታ ማድረግ ግን አዲስ ነገር ነበረ።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በዚያው በቴነሲ በ1994 የታተመ ጥናት ሕጉ ከወጣ በኋላ የአንቲሳይኮቲክ አጠቃቀም ከሩብ በላይ መቀነሱን አመለከተ። ከሕጉም ጋር ትምህርት ረዳ። በ1992 ጄሪ አቮርንና ባልደረቦቻቸው 12 መጦሪያ ቤቶችን ለሁለት ከፍለው፥ በስድስቱ ለሐኪሞች፥ ለነርሶችና ለረዳቶች ትምህርት ሰጡ። በተማሩት ቤቶች የአእምሮ መድኃኒት አጠቃቀም 27 ከመቶ ሲቀንስ፥ ባልተማሩት የቀነሰው 8 ከመቶ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ትምህርቱ ለሐኪሞች ብቻ አለመሰጠቱን ነው፤ ሌሊት ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረው ረዳቱ ነውና።

አዲስ መድኃኒት፥ አሮጌ ልማድ

ይሁን እንጂ ድሉ አልቆየም። በ1993 መጨረሻ ሪስፔሪዶን፥ በ1996 ኦላንዛፒን፥ በ1997 ኩዌታያፒን በአሜሪካ ተፈቀዱ። እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች እንደ ቀድሞዎቹ ጡንቻን በብርቱ አያደርቁም ስለ ተባለ፥ በሐኪሞችም ዘንድ ስጋቱ ስለ ቀነሰ፥ በመጦሪያ ቤቶች እንደ ገና ተስፋፉ። ኩባንያዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጥር 2009 ኢላይ ሊሊ ኦላንዛፒንን ባልተፈቀደበት ሕመም፥ ይኸውም በአረጋውያን የመርሳት ሕመም፥ እንዲታዘዝ በማስተዋወቁ ጥፋተኛነቱን አምኖ ክሱን ለመጨረስ 1.415 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2013 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሪስፔሪዶንንና ሌሎች መድኃኒቶችን በሚመለከት ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ሲስማማ፥ ከክሶቹ አንዱ ለመጦሪያ ቤቶች መድኃኒት ለሚያቀርብ ድርጅት መማለጃ ሰጥቷል የሚል ነበር። ሴናተር ሞስ በ1975 ከተናገሩት ክስ ጋር ሲተያይ፥ በ38 ዓመት ውስጥ የመድኃኒቱ ስም እንጂ ነገሩ አለመለወጡ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ማስረጃ ግን ከቀድሞው ሁሉ የከበደ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 17 ፈተናዎችን መርምሮ በሚያዝያ 2005 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ የመርሳት ሕመም ካላቸው አረጋውያን መካከል አዲሶቹን መድኃኒቶች ከወሰዱት በ10 ሳምንት ገደማ ውስጥ 4.5 ከመቶ ሲሞቱ፥ ባዶ እንክብል ከወሰዱት የሞቱት 2.6 ከመቶ መሆናቸውን አስታወቀ። በ2008 ማስጠንቀቂያው ለቀድሞዎቹ መድኃኒቶችም ተደረገ። በእንግሊዝ አገር ክላይቭ ባላርድና ባልደረቦቻቸው 165 ሕመምተኞችን ይዘው፥ ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱን ቀጥለው ለሁለተኛው ወገን በባዶ እንክብል ተክተው፥ በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት መድኃኒቱን ከቀጠሉት 46 ከመቶ፥ ካቆሙት ግን 71 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒትን የመቀነስ ጉዳይ የክብርና የመብት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ጉዳይ ሆነ።

መቀነሱ እንዴት እንደሚደረግ

«መድኃኒቱ ይህን ያህል ከጎዳ ለምን በአንድ ቀን አይቆምም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፥ አካል የለመደው መድኃኒት በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣትና መታወክ ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛም፥ መድኃኒቱ በርግጥ የሚጠቅማቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። በ2012 ዴቫናንድና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በሪስፔሪዶን ከተሻላቸው ሰዎች መካከል በ16 ሳምንት ውስጥ ሁከቱ የተመለሰባቸው፥ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው 60 ከመቶ፥ ከቀጠሉት 33 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

የአሜሪካ ደንብ መንገዱን እንዲህ ይወስነዋል። ሰውዬው መድኃኒቱን በያዘበት የመጀመሪያ ዓመት በሁለት የተለያዩ ሩብ ዓመቶች፥ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ወር አሳልፎ፥ መጠኑን ለመቀነስ ይሞከራል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይሞከራል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የሚታዘዝ የአእምሮ መድኃኒት፥ ሐኪም ካላደሰው፥ ከ14 ቀን እንዳያልፍ ተወስኗል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ መድኃኒቱ በ4 ሳምንት ካልጠቀመ ቀስ በቀስ እንዲቆም፥ ቢጠቅምም በ4 ወር ውስጥ ለማቆም እንዲሞከር፥ በመቀነሱ ጊዜና ከቆመም በኋላ ለ4 ወር ሕመምተኛው ቢያንስ በየወሩ እንዲታይ አሳስቧል።

ከመቀነሱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሰው የሚጮኸው ስለ ምንድን ነው? የረሳ ሰው ያመመውን ቦታ መናገር ያቅተዋል፤ ሆድ ድርቀት፥ የሽንት መመረዝ፥ የጥርስ ሕመም፥ የጆሮ መደንቆር፥ ወይም ብቸኝነት በጩኸት ይገለጻል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በኖርዌይ በ18 መጦሪያ ቤቶች በ352 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2011 በታተመው ጥናት፥ ሕመምን የሚያስታግስ ሕክምና፥ በአብዛኛው ተራው ፓራሲታሞል፥ በሥርዓት የተሰጣቸው ሰዎች ሁከታቸው በ17 ከመቶ ቀነሰ።

የክርክራችን ዋና ምስክር ግን በ2016 ባላርድና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር በ16 መጦሪያ ቤቶች፥ በ277 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ሐኪም መድኃኒቱን እየመረመረ በቀነሰባቸው ቤቶች የአንቲሳይኮቲክ አጠቃቀም በግማሽ ወረደ። ነገር ግን መድኃኒቱ ተቀንሶ የጭውውትና የአብሮነት ጊዜ ባልተጨመረባቸው ቤቶች የሕመምተኞቹ ሁከት ባሰ። መቀነሱና አብሮነቱ በአንድነት በተደረጉባቸው ቤቶች ደግሞ የሞት ቁጥር አነሰ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ በርሱ ብቻ መፍረድ ባይገባም፥ ታሪኩ ሁሉ ያሳየንን ነገር በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ያሳያል።

ቁጥሩ ሲወርድ

በ2012 የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት የመጦሪያ ቤቶችን አንቲሳይኮቲክ አጠቃቀም ለመቀነስ ብሔራዊ ዘመቻ ጀመረ። በ2011 መጨረሻ ለረዥም ጊዜ ከሚኖሩት ነዋሪዎች 23.9 ከመቶ መድኃኒቱን ይወስዱ ነበር፤ በ2019 ይህ ቁጥር ከ15 ከመቶ በታች ወረደ። የየቤቱም ቁጥር ሕዝብ እንዲያየው ተደረገ።

ይህን ድል ስናይ ግን ሁለት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛው፥ በቆጠራው ውስጥ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች አይገቡም ነበር፤ መድኃኒቱ በርግጥ ለነርሱ የተሠራ ነውና። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በመስከረም 2021 እንዳስታወቀው ግን፥ በመጦሪያ ቤቶች ከ9 ሰዎች አንዱ ስኪዞፍሬንያ አለበት ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በጠቅላላው ሕዝብ ግን ሕመሙ የሚገኘው ከ150 ሰዎች በአንዱ ገደማ ነው። ይህ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር እንጂ በ80 ዓመት ድንገት የሚመጣ አይደለም። መንግሥት በጥር 2023 እነዚህን መዝገቦች እየመረመረ ሐሰተኛውን እንደሚቀጣ ያስታወቀው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፥ የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ በኅዳር 2022 ባወጣው መግለጫ ከ2011 እስከ 2019 በሜዲኬር ከሚረዱት የረዥም ጊዜ ነዋሪዎች 80 ከመቶ ያህሉ ምንጊዜም አንድ ዐይነት የአእምሮ መድኃኒት ይታዘዝላቸው እንደ ነበረ አሳየ። አንቲሳይኮቲኩ ሲቀንስ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጨምረው ነበር። ይህ ማለት ከሚቆጠረው ዕቃ ቤት ወጥቶ ወደማይቆጠረው የተዛወረ መድኃኒት አለ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ሕጉ ከንቱ ነበር» የሚል ቢኖር አንስማማም። የ1987 ሕግ ባይወጣ ኖሮ በቴነሲ የታየው መቀነስ ባልታየ፥ የሐሰት መዝገቡም ባልታወቀ ነበር፤ ሐሰት የሚጻፈው ደንብ ስላለ ነውና። «ጥፋቱ ሁሉ የመድኃኒቱ ነው» የሚለውንም አንቀበልም፤ ክሎርፕሮማዚንና ተከታዮቹ ለብዙ ሺህ ስኪዞፍሬንያ ላለባቸው ሰዎች እፎይታ ሰጥተዋል። ጥፋቱ መድኃኒቱ ያልተሠራበትን ሥራ፥ ማለት የአስታማሚን ሥራ፥ እንዲሠራ መታዘዙ ነው።

ይህን የሚያጠናክር የቅርብ ጊዜ ማስረጃ አለ። በግንቦት 2024 የአሜሪካ መንግሥት በመጦሪያ ቤቶች ለያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የአስታማሚ አገልግሎት እንዲሰጥ ደንብ አወጣ። የመጦሪያ ቤት ባለቤቶች ግን ሠራተኛ አይገኝም፥ ወጪውም አይቻልም ብለው ተሟገቱ፤ በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ የደንቡን ዋና ክፍሎች ሻረ። እንግዲህ እንክብሉን የሚገድበው ሕግ ሲጸና፥ በእንክብሉ ፈንታ ሊቆም የሚገባውን ሰው የሚያዘው ደንብ ፈረሰ ማለት ነው።

ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በነዚሁ ቤቶች በረዳትነት ይሠራሉ፤ ሌሊት ከአረጋዊው አጠገብ የሚቀመጡት፥ ወይም ብዛት ያላቸው ክፍሎች ስለተሰጧቸው ለመቀመጥ የማይችሉት፥ እነርሱ ናቸው። በቋንቋችንም «መጦር» የሚለው ቃል ማብላትና ማልበስን ብቻ አይናገርም፤ አብሮ መኖርንና ጭንቀትን መካፈልን ጭምር ያመለክታል። ወደፊት በአገራችንም መጦሪያ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ደንብ የሚያወጡ ሰዎች በመጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባቸው፥ ስንት እንክብል ተሰጠ ብለው ብቻ ሳይሆን፥ ሌሊት ለሚጮኸው ሰው መልስ የሚሰጠው ማነው ብለው ነው። በአሜሪካ ከ1954 ጀምሮ ከ70 ዓመት በላይ የተደረገው ነገር ሁሉ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያለመጠየቅ ዋጋ ነው ብለን እንደመድማለን።